የሾላ በድፍን አጽዳቂው

በሆስፒታሉ የላይኛው ፎቅ፣ መስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያው በሚያይ ክፍል ውስጥ፣ ሥራው «አጽድቅ» የሚል ቁልፍ መጫን የሆነ ሰው አለ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ ባልደረቦቹ ግን በሌለበት «ይጽደቅ» ይሉታል። አንድ ቀን ሲሉት ሰምቶ እንደ ማዕረግ ወሰደው አሉ።

በወጣትነቱ ፕሮግራም ይሞካክር ነበር። ሰው ከሚሠራው ይልቅ ስብሰባ ላይ ራሱን መነቅነቁ እንደሚያሳድገው ሲገባው መሞከሩን ተወው። ነቀነቀ፣ አደገ። ያችን የሚያውቃትን ትንሽ ነገር ጊዜ በላትና የቀረው ወንበሩና ክራቫቱ ብቻ ሆነ።

ሆስፒታሉ ኤአይ የሚባለው ማሽን የሚጽፋቸው የፕሮግራም ለውጦች ሳይመረመሩ የሕሙማን ካርድ ወደሚቀመጥበት ዳታቤዝ እንዳይገቡ ሦስት በር አበጅቷል። ፕሮግራመሩ ኤአዩን ያዘዋል፣ የጻፈለትን አንብቦ ይፈርማል። ሞካሪዋ በዳታቤዙ ቅጂ ላይ ታስኬደዋለች፣ ውጤቱን አይታ ትፈርማለች። ይጽደቅ ደግሞ ሁሉን መርምሮ ወደ ዋናው ያሳልፋል። ሲነገር ዝንብ የሚያሳልፍ አይመስልም። ኑሮው ግን ሌላ ነው። ፕሮግራመሩ ከኔ በኋላ ሁለት ሰው ያየው የለ ወይ ይልና ሳያነብ ይፈርማል። ሞካሪዋ ኮምፒውተሩ ስህተት ብሎ ካልጮኸባት ደህና ነው ትላለች። ይጽደቅም ከኔ በፊት ሁለት ሰው አይቶታል ብሎ፣ የሁለቱን አረንጓዴ ምልክት ብቻ አይቶ ይጫናል። የሾላ በድፍን ማለት ይኸው ነው፤ ሦስት ሰው ፈርሞበት አንድም ሰው ያላነበበው።

የይጽደቅ ታላቅ እህት መንታ ሴት ልጆች አሏት። ከሁለቱ ቀጠን ያለችው ፔኒሲሊን አይስማማትም። በሕፃንነቷ ተወግታ ጉሮሮዋ አብጦ የተረፈችው ለጥቂት ነው። ከዚያ ወዲህ የእናትየው እንቅልፍ የቆመው በልጅቷ ካርድ ላይ በቀይ በተጻፈች አንዲት ማስጠንቀቂያ ላይ ነው። ወንድሟን ባገኘችው ቁጥር አለች ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። እሱም ደረቱን ነፍቶ፣ ያለኔ ፈቃድ አንዲት ፊደል አትነካም ይላታል። እውነቱን ነበር፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው።

አንድ ሰሞን ካርድ ክፍሎች የአንድ ሰው ካርድ እየተደጋገመ ተቸገርን አሉ። ፕሮግራመሩ ኤአዩን አዘዘው፣ ኤአዩም ለውጡን ጻፈ። ከአናቱ ላይ፣ ፊደል የቆጠረ ሁሉ በሚገባው ቃል፣ የአባት ስም፣ የልደት ቀንና ስልክ ቁጥራቸው አንድ የሆኑ ካርዶች ይዋሃዳሉ፤ የራስ ስም አጻጻፉ ስለሚለያይ አይታይም ይላል። መንታ በሩቁ ያየ ሰው እንኳ ይህን ቢያነብ ይደነግጣል። የመንታዎቹ አጎት ግን «ታይቷል» ብሎ ጻፈና ምሳውን ሊበላ ወረደ። ድንቄም አጽዳቂ!

ወር ሳይሞላ ቀጭኗ ልጅ ጉሮሮዋን ታመመችና እናቷ ወደ ሆስፒታሉ አመጣቻት። ነርሷ ኮምፒውተሩን አይታ መርፌውን አዘጋጀች። እናትየው ፔኒሲሊን እንዳይሆን ብትላት፣ ነርሷ ካርዱ ላይ ምንም የለም አለቻት። እውነትም የለም። ሁለቱ ልጆች አንድ ልጅ ሆነዋል፤ የተረፈውም የጤነኛዋ ካርድ ነው። እናትየው ልጇን ሳታስወጋ፣ እጇን ይዛ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣች።

ገና ከበሩ ሳለች ነርሷ ያለቻትን ለወንድሟ ነገረችው። እሱም ወዲያው ጥፋቱን በኤአዩ ላይ አላከከ። ማሽን ነው፣ ምን ታደርጊዋለሽ አላት፤ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ደግነቱ ካርዱ የተቀላቀለበት ሌላ ሰውም አመልክቶ ነበርና ማስተካከያው ተጽፏል፣ ሁለቱ ፈርመውበታል፣ የሚጠብቀው እሱን ብቻ ነው። ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረላት። ከላይ «የተዋሃዱ ካርዶች ይለያያሉ» የሚል መስመር አለ።

«ሲለያዩ» አለች እህቱ፣ «የፔኒሲሊኑ ነገር የሚመለሰው ለየትኛዋ ነው?»

ይጽደቅ ወንበሩ ላይ ከወጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ስክሪኑን ከላይኛው መስመር ወደ ታች ሳበው። መልሱ እዚያ፣ ኤአዩ በጻፋቸው የኮምፒውተር ትእዛዞች መሃል ነበር። መስመር በመስመር አየው፤ ዓይኑ ያያል፣ ምንም አይገባውም። ሞካሪዋ ያለችው ከግድግዳው ወዲያ ነው። ተነስቶ አላውቀውም፣ አንብቢልኝ ማለት ይበቃው ነበር። ልጅቷ አጠገቡ ቆማ ታስላለች። እሱ ግን የፈራው ለልጅቷ አይደለም፤ አላውቅም ሲል ሰው እንዳይሰማው ነው። ከራስ በላይ ነፋስ። ላቡን ጠረገና ቁልፉን ተጫነ።

«ለእሷ ነው» አለ።

«የቱ ጋ ነው የሚለው?»

በጣቱ ሦስቱን አረንጓዴ ምልክቶች አሳያት። ሦስተኛው የራሱ ነው፤ ገና አሁን መብራቱ ነው።

እህቱ ምልክቶቹን አየች፣ እሱን አየች። ከጠረጴዛው ላይ ወፍራም እስክሪብቶ አነሳችና የልጇን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበች። ክንዷ ላይ፣ ነርስ ሳታይ በማታልፈው ቦታ፣ በትልልቁ «ፔኒሲሊን እንዳትሰጧት» ብላ መጻፍ ጀመረች።

«እማዬ፣ አጎቴ ኮምፒውተሩ ላይ አስገባው እኮ» አለች ልጅቷ።

«አትንቀሳቀሺ» አለች እናቷ።