ቪናል፣ ቪኒያል እና የልጄ ፈተና

እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ሰኞ ገበያ የገዛሁት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ነው። ስለዚህ ፈረንጅ ራሱ የረሳቸውን ቃላት አውቃለሁ። አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ግን በእንግሊዝኛ ጠይቄ አላውቅም። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ማንን ልጠይቅ?

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ አጥታ ቤት ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ አንድ የልብስ ፋብሪካ አስተርጓሚ እንደሚፈልግ ስንሰማ፣ መልካቸው የሚመሳሰል ቃላትን እያጣመርኩ አስጠናኋት። ቪናል ማለት ለጥቅም ሲል ኅሊናውን የሚሸጥ ነው። ቪኒያል ደግሞ ይቅር የሚባል ቀላል ጥፋት። በእንግሊዝኛ ሲጻፉ የምትለያቸው አንዲት ፊደል ናት፤ በሥነ ምግባር ግን ሰማይና ምድር ናቸው።

«አባ፣ እዚያ የሚጠይቁኝ ስለ ስፌት እኮ ነው» አለችኝ።

«ስፌትማ ማንም ያውቃል።»

የፈተናው ቀን ማንም ሳይጠራኝ አብሬያት ወረድኩ። ዘበኛውን አሳምኜ የስፌት ክፍሉ በር ላይ ቆምኩ። የውጭ አገሩ አለቃ ከአንዲት ልብስ ሰፊ ሴት ማሽን ላይ ሸሚዝ አነሳና «ኮላር፣ ኖ ጉድ» አለ። ግስ እንኳ የለውም። እኔ ስንት ሌሊት የደከምኩት ለዚህ ነው።

ልጄ ወደ ሠራተኛዋ ጎንበስ አለች። «እህቴ፣ ኮሌታው ዞሯል። ተርትሪውና ድገሚው። አይዞሽ፣ አልተቆጣም።» የመጨረሻውን ሰውየው አላለም። ሠራተኛዋ መተርተር ጀመረች፣ አለቃው ራሱን ነቀነቀ፤ ፈተናው አለቀ።

የልጄ እውቀት ሳይታይ ሊቀር ነው ብዬ ዘው አልኩ። ኮቴን ቆልፌ፣ ልጄ ቪናል እንዳልሆነች፣ ብትሳሳትም ስህተቷ ቪኒያል እንደሚሆን በእንግሊዝኛ አስረዳሁት። ሰውየው እንደ ተበላሸ ማሽን አየኝና ወደ እሷ ዞረ። በአጭሩ አንድ ነገር አለችው። ሳቀ፣ በሁለት እጁ ጨበጠኝ፣ ነገ ሥራ ትጀምር አለ።

ሚኒባሱ ወደ ደሴ ዳገቱን ሲይዝ ጠየቅኳት። «ምን ብለሽው ነው?»

«‹አባቴ ሊያመሰግኑህ ነው የመጡት› አልኩት።»

«እኔ መች አመሰገንኩት?»

«አላመሰገኑትም አባ። ግን ወላሂ፣ ሥራውን በጣም ፈልጌው ነበር።»

ደሴ እስክንገባ ውሸቷን መረመርኩት። በመዝገበ ቃላቴ ከሄድን፣ ለደመወዝ የተዋሸ ውሸት ወደ ቪናል ያደላል። ስንወርድ ግን «ቪኒያል ነው» አልኳት። ልጄ ስለሆነች የፈረድኩት ፍርድ ራሱ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አልጠየቀችኝም። ደግ አደረገች።