ከአንድ ኮረብታ የወረደ በሽታ

ባለቤቴ ዲላ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ፣ ድሬሰር ነበር። ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። ስለ እሱ ልጽፍ ስነሣ ግን የሚቀድመኝ ሳቅ ነው።

በንጉሡ ዘመን፣ አንድ ክረምት ከከተማው አጠገብ ካለችው ከጪጩ ማዶ ያለው ኮረብታ ተንዶ ቤቶችን ይዞ ወረደ። ዝናቡ ካባራ በኋላ የዚያ መንደር ሰዎች ክሊኒኩን አጣበቡት። አንዱ ልቤ ይመታል ይላል፤ አንዷ እንቅልፍ የለኝም ትላለች፤ ሌላው ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር ከቤት ሮጦ ይወጣል። ሁሉም የሚፈልጉት መርፌ ነው።

«ወፍራሙን ውጋኝ ዶክተር፤ ቀጭኑ ውስጥ አይደርስም!» ይሉታል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «የአንድ መንደር ሰው ሁሉ ልቡ እንዴት አብሮ ይታመማል? ይሄ በሽታ ከኮረብታው ጋር ነው የወረደው» አለኝ።

ከሁሉ የባሰባት ግን፣ ባሏ በናዳው የተቀበረባት ወጣት ሴት ነበረች። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልወጣትም። ወንድሟ አስሮ ሩቅ አገር ወዳለ መድኃኒተኛ ሊወስዳት ሲነሣ፣ ባለቤቴ «እስከ ቅዳሜ ታገሠኝ» ብሎ ለመነው።

የመንደሩ ሴቶች ድሮ እንሰት የሚፍቁት ተሰብስበው ነበር። ከናዳው በኋላ ሁሉም በየቤታቸው ቀሩ። ባለቤቴ «እንደ ድሮው አብራችሁ ፋቁ፤ እሷንም አምጧት» አላቸው። የሴት ሥራ ስለሆነ እሱ አይጠጋም፤ እኔን ላከኝ። እኔ ደግሞ ቆጮ ከገበያ ገዝቼ የምበላ የከተማ ሰው ነኝ።

ዓርብ ዕለት ሄድኩ። እሷ ዝም ብላ ተቀምጣለች። እንደ ሴቶቹ እግሬን ሰቅዬ እንሰቱን ከጣውላው ጋር በተረከዜ አጣብቄ፣ መፋቂያውን ይዤ ወደ ላይ ስስበው ጭማቂው ዓይኔ ውስጥ ገባ። ደግሜ ስስበው ፍቅፋቂው በርሮ የእሷ ፊት ላይ ተለጠፈ።

ፊቷን ጠረገች። «ይቺ ሴትዮ እናት አላሳደጋትም እንዴ? ወደ ታች ነው የሚፋቀው!»

ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። መፋቂያውን ነጥቃኝ እየፋቀች ሰደበችኝ። ከዚያ «ባሌም እንዲህ ነበር፤ እጁ ምንም አያውቅም» አለችና አለቀሰች። አብረናት አለቀስን፤ ሥራው ግን አልቆመም።

ከታመሙት ያልዳኑም ነበሩ፤ ነጎድጓድ ሲሰማ የሚሮጠው ሰውዬ እስከ ዕለተ ሞቱ ሮጧል።

ቅዳሜም ስንፍቅ ወንድሟ ገመድ ይዞ መጣ። ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ድምጿን ሰማ።

«ማንን ነው የምትሳደበው?» አለኝ ልቀበለው ስወጣ።

«እኔን!» አልኩት በኩራት።

ብዙ ቆሞ አዳመጠ። ከዚያ «እንግዲህ ትሳደብ» ብሎ ብቻውን ተመለሰ።