በስሙ ያልጠራሁት ጎረቤቴ

የሰፈራችን እድር ለፋፊ እኔ ነኝ። ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋጋ ጥሩንባዬን ይዤ ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ካለው ቤቴ እወጣለሁ። በየቅያሱ ቆሜ እነፋለሁ፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት እጠራለሁ። ፎቆቹ ላይ ያሉት አዲስ ሰዎች እንቅልፍ ነሣን ብለው ወረዳ ድረስ ከሰውኛል። አልተውኩም። የእድሩ ወጣቶች በስልክ መልእክት ይላክ ብለው ነበር፤ እሱንም እምቢ አልኩ። ሰው ሞቶ በስልክ?

አንድ በያጅ ጎረቤት ነበረኝ፣ ትግሬ ነው። ሰፈሩ ገና ሜዳ ሳለ ሁለታችንም ጎረምሶች ሆነን ነው የመጣነው። መጀመሪያ ያገኘሁት ቀን አጋሜ አልኩት። ሌላው ሰው ትግሬን እንደዚያ ሲል ሰምቼ ነው እንጂ ምን ማለት እንደሆነ እንኳ አላውቅም። ፈገግ አለ። ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ከኔ ተቀበለ። ሕፃናት ሳይቀሩ ጋሽ አጋሜ ይሉት ነበር፣ እሱም አቤት ይላል።

ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ አንድ ቀን ብረት እየቆረጠ ነገረኝ። አጋሜ አገር ነው አለ፣ በአዲግራት በኩል ያለ አውራጃ። በጣሊያን ጊዜ የዚያ አገር ሰው ድርቅ ሲመታው አስመራ እየሄደ ሽንት ቤት ይጠርግ፣ ድንጋይ ይሸከም ነበር። የከተማው ሰው ያገሩን ስም ስድብ አደረገው። ከዚያ የመጡ ሹፌሮችና ነጋዴዎች ይዘውት ወረዱ፣ እኛም ከነሱ ለቀምነው።

"እኔ ደግሞ የተምቤን ሰው ነኝ" አለኝ። "አጋሜን በዓይኔ አይቼው አላውቅም።"

ታዲያ እስከዛሬ ለምን ዝም አልክ አልኩት። ጠይቀኸኝ ታውቃለህ ወይ አለኝ። ሳቅን። በማግስቱም አጋሜ ብዬ ጠራሁት። ምላሴ ለምዷል። እውነቱን ለመናገር፣ መተውም አልፈለግሁም።

ጦርነቱ መጣ። ትግሬ የሆነ ሁሉ ከየቤቱ በሚለቀምበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ሦስት ሰዎች በራፌ ላይ ቆሙ። ለፋፊ ስለሆንኩ ቤቱን ሁሉ እንደማውቅ ተነግሯቸዋል። ትግሬዎቹ የት የት ነው የሚኖሩት አሉኝ። አላውቅም አልኩ። እዚህ አርጅተው እንዴት አያውቁም አሉኝ። አላውቅም ብያለሁ አልኩ። አንዴ እምቢ ካልኩ እምቢ ነኝ፤ ሰልችቷቸው ሊሄዱም ነበር። በዚያው ቅጽበት እሱ ዳቦ ገዝቶ በቅያሱ ብቅ አለ።

"አጋሜ፣ እንዴት አደርክ?" አልኩት።

አርባ ዓመት ሙሉ እንደምለው ነው ያልኩት። ሦስቱም ዞሩ። ዳቦውን ተቀብዬ ለሚስቱ ያደረስኩት እኔ ነኝ።

ከከተማ ውጭ አንድ መጋዘን ውስጥ ብዙ ወር አሰሩት። ሲመለስ ሳል ይዞት መጣ፣ መበየጃውንም ዳግም አላነሳም። ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር፣ አንተ ባትጠራኝም ያገኙኝ ነበር አለኝ። ሊሄዱ እግራቸውን ማንሳታቸውን ያየሁት ግን እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ በምንም ስም አልጠራሁትም።

ባለፈው ዓመት ሞተ። ሚስቱ ጎህ ሲቀድ መጣች። አንተ እያለችኝ የኖረች ሴት እርስዎ አለችኝ።

"እናቱ ባወጣችለት ስም ይጥሩት" አለች። "ያን ነገር ሬሳው ላይ እንዳልሰማ።"

ስሙን ጠየቅኳት። ያን ያህል ዘመን አጥር ተጋርተን ኖረን፣ ማነው ስሙ ብዬ ጠየቅኳት።

ወጣሁ፣ ነፋሁ፣ ጠራሁ። ማንም አልወጣም። አንዱ በመስኮት አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ ማነው እሱ ደግሞ፣ የኛ እድርተኛ ነው ወይ አለኝ። ያቺን አንድ ቃል ብል ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ይወጣ ነበር። አፌ ላይ ደርሳ መለስኳት። ጥሩንባውን አስቀምጬ በር በሩን ማንኳኳት ያዝኩ። የሰፈሩ የብረት በር አብዛኛው የሱ እጅ ሥራ ነው። በሩን በመዳፌ እየመታሁ፣ ይህን የሠራልህ ሰው ሞቷል፣ ስሙ እንዲህ ነው፣ ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው እላለሁ። አንዳንዱ፣ እንዴ፣ አጋሜ ነው እንዴ ይለኛል። እኔ ስሙን እደግምለታለሁ። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም። የሰፈሩን እኩሌታ ሳላዳርስ ረፈደ፤ ኮንዶሚኒየም የገቡት ጭራሽ አልሰሙም።

ቀብሩ ላይ ካህናቱን ጨምሮ ሃያ ሰው አልሞላንም። ድንኳኑ የሞላው በማግስቱ ነው፣ ወሬው ሲዳረስ። የእድሩ ሊቀመንበር በሰው ፊት ተቆጣኝ። በሚታወቅበት ብትጠራው ምን ነበረበት፣ ሰውየውን ያለ ቀባሪ አስቀረኸው አለኝ። እውነቱን ነው። ነገም ቢሆን እንደዚያው ነው የማደርገው አልኩት።

ሰው ሲቀንስ ወደ ሚስቱ ጠጋ አልኩ።

"ቀባሪ ያነሰው በኔ ምክንያት ነው" አልኳት።

"አየሁ" አለች።

ድንኳኑ እስኪነቀል ድረስ እዚያው ተቀመጥኩ።