በዚንክ ላይ የተሰጣው ኮሸሽላ

ከጎንደር ስንሸሽ እኔ የልጆቹን ልብስ አሰርኩ፤ ባለቤቴ ኮሸሽላውን አሰረ። የባዮሎጂ መምህር ነበር። በየእረፍቱ የስሜንን ተራራ እየዞረ የለቀመውን እሾሃም ተክል በጋዜጣ መሃል ተጭኖ አድርቆታል፤ በእያንዳንዱም ላይ ከየትኛው ከፍታ እንደቆረጠው የጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አለ። መተማ ላይ ፈታሹ ጋዜጣውን ገልጦ እጁን ሲሰድ እሾሁ ወጋውና መለሰለት። ምነው በወረሰውና በተገላገልኩ ብዬ ነበር።

ገዳሪፍ የተከራየናት ቤት አንዲት ክፍል ናት። ክረምቱ ሲገባ ኮሸሽላው መሻገት ጀመረ። ባለቤቴ ጠዋት ሥራ ፍለጋ ከመውጣቱ በፊት አልጋው ላይ ዘርግቶ ጋዜጣውን ይቀይራል፤ ሲመለስም እንደገና ይዘረጋል። እሾሁ አንሶላው ውስጥ እየቀረ ልጆቹን ይወጋል። ስቆጣው "ትንሽ ታገሺ፣ ፀሐይ ትወጣለች" ይለኛል።

አንድ ቀን እውነትም ወጣች። አከራያችን፣ እዚሁ ሱዳን ያደጉ ሴትዮ፣ "ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ቤት ውስጥ ከሚበሰብስ የጣራው ዚንክ ላይ ይስጣው" አሉኝ። ነገርኩት። ደስ ብሎት ጣራው ላይ ወጣና ጠጠር እየጫነ ሰጣው። ከሰዓት በኋላ ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ተነሣ። አቧራው ሰማዩን ሸፈነው፤ ጋዜጣው፣ ኮሸሽላውና ቁራጭ ወረቀቱ ከግቢ ግቢ በረረ። አከራያችን ሳይቀሩ ሁላችንም አፍንጫችንን ሸፍነን ስንለቅም አመሸን።

አብዛኛው ተገኘ። ወረቀቶቹም ተገኙ፤ የቱ የየትኛው እንደሆነ ግን ጠፋ። ባለቤቴ ወለሉ ላይ ደርድሮ እያገላበጠ ያያቸዋል። ለእኔ ሁሉም አንድ ናቸው።

"በግምት አያይዛቸው፤ እዚህ ድረስ ማን መጥቶ ሊያረጋግጥ ነው?" አልኩት።

"የማላውቀውን አልጽፍም" አለኝ።

ሥራ የለን፣ ቤታችን ያፈሳል፣ እሱ ስለ ኮሸሽላ እውነት ይጨነቃል። እርግጠኛ የሆነባቸውን ጥቂቶች ለየ። የቀሩትን ይጥላቸዋል ብዬ ስጠብቅ ባዶ ወረቀት እያያዘ ለብቻ አስቀመጣቸው። ሙጫ ስለሌለን ሁሉንም ካርቶን ላይ በክር እንድሰፋለት መርፌዬን አቀበለኝ። ጠየቀኝ አልልም፤ አቀበለኝ።

እየተነጫነጭኩ ሰፋሁ። ጣቴ ደማ። እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ቅጠሉን እንዳልሰብር ይጠብቃል፤ "እዚህ ጋ ላላ አድርጊው" ይለኛል። ክሩን በጥርሴ በጠስኩና ቀጣዩን አምጣ አልኩት።