የተዋስናት ጊደር

አንዳንድ ቀን ጠዋት እዚህ ወልድያ፣ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ፣ ድምፅ ማጉያ የጫነ ባጃጅ በቤቴ ደጃፍ እያዘገመ «የቀበሌያችን ነዋሪዎች በሙሉ!» እያለ ሲያልፍ፣ ምን እንደሚያስታውቅ እንኳ ሳልሰማ ብቻዬን እስቃለሁ። ስለ ቆሻሻ መጣያ ይሁን ስለ ስብሰባ አላውቅም፤ ልቤ ያን ጊዜ መርሳ ደርሷል። የልጅነት ሰፈራችን ከመርሳ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ የመስኖው ውኃ በማንጎውና በፓፓያው መሀል እየተጥመለመለ የሚያልፍበት ነበር፣ የቀበሌው ተላላኪም ሜጋፎኑን በትከሻው አንግቶ በዚያ ውኃ ዳር ብቅ ሲል እኛ ልጆች ከያለንበት ተንጋግተን እየተከተልን፣ እሱ «ስብሰባ!» ሲል እኛም «ስብሰባ!» እያልን ሰፈሩን እናዞረው ነበር። ስብሰባ ምን እንደሆነ አናውቅም፤ ጩኸቱ ግን ደስ ይለን ነበር።

በእኔ በዘጠኝ ዓመቴ፣ በግንቦት፣ አባቴ ከማንጎ ዛፍ ወደቀ። ዛፉም ፍሬውም የጎረቤታችን የአያ ይመር ነበር፣ የተሰበረው እግር ግን የእኛ ሆነ። ሽማግሌው አያ ይመር ዛፍ መውጣት ስለማይችሉ አባቴ ሊያግዛቸው ወጥቶ ነው ከእነ ቅርንጫፉ የወረደው። ወጌሻ አሽቶት አልሆን ሲል ወልድያ ሐኪም ቤት ወሰዱትና ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ በጀሶ ታስሮ ተመለሰ፣ ሊጠይቀው ለሚመጣው ሰው ሁሉም «እኔ እኮ ዛፉን አልለቀቅሁትም፣ እሱ ነው የለቀቀኝ» እያለ ያስቅ ነበር። እናቴ ግን አትስቅም ነበር፤ ክረምት እየመጣ እንደሆነ ታውቃለችና።

ክረምቱ ገባ፣ ዝናቡም እንደ ልቡ ዘነበ፣ እኛ ግን የሚያርስልን አልነበረንም። መሬታችንን ለእኩል ሰጥተን፣ ያለንን አንድ በሬ ለሕክምናው ሸጠን፣ አባቴ በመስኮት የሌላውን ሰው ጥማድ እያየ «ያቺን ጥግ ተዋት! ኧረ ያቺን ጥግ!» እያለ ከአልጋው ሆኖ ያርስ ነበር። ጥቅምት ላይ ማሽላው ሲሰበሰብ የድርሻችን ጎታውን ከግማሽ አላለፈም፣ በኅዳር ደግሞ እናቴ እህል ልትቀዳ ስትጎነበስ ጣሳው የጎታውን ወለል ሲፋቅ እሰማ ጀመር።

በዚያው ሰሞን ወልድያ የምትኖር አክስቴ መጥታ «ትርንጎን ስጡኝ፣ እኔ ጋ ትማር፤ አንድ አፍ እንኳ ይቀልላችኋል» አለች። ማታ እናቴ የእኔን ነገር ለአባቴ ስትነግረው ሰማሁ። ለሴፍቲኔት ምዝገባ ሊደረግ ነው፣ ስማችን ከወጣ በየወሩ ስንዴና ዘይት ስላለን ልጄን ከጉያዬ አላወጣም፣ ካልወጣ ግን ከገና በኋላ ትሂድ አለች። ዛሬ ከመርሳ በሚኒባስ ተሳፍሬ የጀመርኩትን ወሬ ሳልጨርስ የምደርስባት ወልድያ፣ ያኔ ለእኔ የዓለም ዳርቻ ነበረች። ለብዙ ቀን ትራሴን እያቀፍኩ «ጌታዬ ስማችንን አውጣው» እያልኩ ነበር የምተኛው።

ምዝገባው እንዲህ ነበር፤ ኮሚቴው ቤት ለቤት እየዞረ የየሰዉን ኑሮ ያይና ይጽፋል፣ ከዚያ በዋርካው ሥር ሕዝብ ተሰብስቦ ስሙ ይነበባል፣ ቅሬታ ያለው ደግሞ በሚቀጥለው ስብሰባ ይናገራል። ተላላኪው ኮሚቴው ነገ በእኛ ሰፈር እንደሚያልፍ በሜጋፎኑ ሲያውጅ እናቴ ከዚያ ሁሉ ነገር የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንግዳ ሊመጣ ነው።

«ኮሚቴ እኮ ነው፣ እንግዳ አይደለም» አላት አባቴ፣ ጀሶውን በርጩማ ላይ ዘርግቶ።

«ደጄን የረገጠ ሁሉ እንግዳዬ ነው።»

«ድህነታችንን ሊያዩ እኮ ነው የሚመጡት፣ አንቺ ሴት።»

«ይዩዋ! ግን ተቀምጠው ይዩት። በምን ላይ ነው የሚቀመጡት?»

እንዲህ ብላ እኔን ወደ ጎረቤት ሰደደችኝ። ከአጥሩ ማዶ ያለችው የእናቴ የልብ ወዳጅ እቴ ዘሀራ፣ ለመውሊድና ለሠርግ ብቻ የምታነጥፈውን ቀይ ምንጣፍ ጠቅልላ አሸከመችኝና፣ «አብሽሪ በያት፤ ሰው ባዶ ቤት አይቀበልም» ብላ አንድ አበባ የተሳለበት ፔርሙዝ ደረበችልኝ። አያ ይመር ደግሞ የአባቴ እግር ነገር እንደ እሾህ ይወጋቸው ስለነበር ወንበሮቻቸውን ማራገፋቸው አልበቃ ብሏቸው፣ በማግስቱ ጠዋት ቀይ ጊደራቸውን እየጎተቱ መጥተው በራችን ላይ አሰሯት።

«ኧረ አያ ይመር፣ ይቺስ ይቅርብዎ» አለቻቸው እናቴ።

«ዝም በይ! ደጃፉ ላይ ከብት የሌለበት ቤት ምኑ ቤት ነው?»

ኮሚቴዎቹ ሦስት ነበሩ። ሰብሳቢያቸው ጋሽ ደምሴ፣ ረጋ ያሉና ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው የሚይዙ ሰው ነበሩ። ቀዩ ምንጣፍ ላይ ወንበር ተደርጎላቸው ተቀመጡ፣ ዳቦ ከማር ጋር ቀረበ፣ ፓፓያ ተቆረጠ፣ ሻይ ከፔርሙዙ ተቀዳ። ጋሽ ደምሴ ፔርሙዙን አንስተው አዩት፣ አገላብጠው አዩት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«የኔ ልጅ፣ ያቺ ጊደር የእናንተ ናት?»

እናቴ የተዋሱትን ዕቃ በእንግዳ ፊት ማውራት ነውር እንደሆነ ሌሊቱን ሙሉ ስትመክረኝ አድራለች። እኔም የተመከርኩ ልጅ ነኝና ደረቴን ነፍቼ «አዎ! ወለላ ትባላለች፣ ደግሞ ልትወልድ ነው» አልኩ። ማንም ስም ያወጣላት አልነበረም፤ እዚያው ነው ያወጣሁላት። አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ጋሽ ደምሴም ጻፉ።

እንግዶቹ መርቀው ከወጡ በኋላ አባቴ «እንግዲህ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» ብሎ ሳቀ፣ እኔ ግን ምን እንዳበላሸሁ የገባኝ በሳምንቱ በዋርካው ሥር ስም ሲነበብ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እናቴን በነጠላዋ ጫፍ ይዤ ቆሜ ሰማሁ፣ የአባቴ ስም አልተጠራም። እናቴ «ይሁን» አለች፣ እጄን ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች።

«ቅሬታ ይሰማል ተብሏል፣ ሄደሽ ንገሪያቸዋ» አላት አባቴ።

«ምን ብዬ? ምንጣፉ የዘሀራ ነው ልበል? በሰው ፊት ያነጠፍኩትን በሰው ፊት ልጠቅልለው?»

በዚያ ሳምንት ቀሚሶቼን አጠበች፣ የተተረተረውን ሰፋች፣ አንድ በአንድ አጣጥፋ በማዳበሪያ ጆንያ ከተተች። እሷ ዕቃዬን ስትከት እኔ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ እቴ ዘሀራ ጋ ሄድኩና ጉልበቷ ላይ ተደፍቼ «ወለላ የእኛ ናት ስላልኩ ነው፣ በእኔ ምክንያት ነው የምሄደው» እያልኩ አለቀስኩ። ወለላ ማን እንደሆነች እስክታውቅ ድረስ ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ሲገባት ግን ሁለት እጇን አጨበጨበች።

«ያ ረቢ! እኛ ነን በገዛ እጃችን የቀበርናችሁ! አብሽሪ የኔ ሸጋ፤ ያነጠፍኩት እኔ፣ የምጠቀልለው እኔ።»

የቅሬታው ቀን እቴ ዘሀራ ምንጣፏን በራሷ ተሸክማ መጣችና፣ ተራዋን ሳትጠብቅ ገብታ በጋሽ ደምሴ እግር ሥር ዘረጋችው። «ይሄ የማነው? የኔ ነው! ያያችሁበት ቤት ያለው መደብና የተሰበረ እግር ነው» አለች። ይህን ስትል ከኋላ ሰው መተረማመስ ጀመረ፣ ዞር ብለን ብናይ አያ ይመር ጊደሯን እየጎተቱ በስብሰባው መሀል እየገቡ ነው።

«ይቺም የኔ ናት» አሉ። «ልጅቱ ከተናገረችው እውነቱ አንድ ብቻ ነው፤ ልትወልድ ነው።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ከኮሚቴዎቹ አንዱ ወጣት ግን አልሳቀም። «ይሄማ ተነጋግሮ መምጣት ነው» አለ። «ሁሉም ለወዳጁ እንዲህ ከመሰከረ ማንን እንመን? ያየነውን ጽፈናል፣ አለቀ።» ሳቁ ቀጥ አለ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች፤ እንዲህ ስትሸማቀቅ አይቻት አላውቅም።

ያን ጊዜ ጋሽ ደምሴ ቀስ ብለው ተነሱ። ደብተራቸውን አጠፉ፣ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ እንደገና አደረጉት።

«ፔርሙዙም የኔ ነው» አሉ።

ማንም አልገባውም።

«ሻይ የጠጣንበት ፔርሙዝ የኔ ቤት ፔርሙዝ ነው። ባለቤቴ ለዘሀራ አውሳ፣ ዘሀራ ለእነሱ አውሳ ይሆናል። እጀታው ላይ ያለውን ስንጥቅ እኔ ነኝ በላስቲክ ያሰርኩት፣ እንዳየሁት አውቄዋለሁ።»

«አውቀው ነው እንዴ ዝም ያሉት?» አላቸው ወጣቱ፣ ተናዶ።

«ታዲያ ምን ልበል? በሰው ቤት ተቀምጬ፣ ሻይ ተቀድቶልኝ፣ ልጅ ፊት ‹ዕቃው የኔ ነው› ልበል? እኔስ ሰው አይደለሁም?» ካሉ በኋላ ወደ እናቴ ዞረው፣ «ይሉኝታ አንቺን አስነጠፈሽ፣ እኔን አፌን አስያዘኝ። የጻፍኩት ስህተት ነው፤ እንደገና መጥተን እናያለን» አሉ።

የዚያን ቀን እንደተሳቀው ያለ ሳቅ እስካሁን አልሰማሁም። ወጣቱ ራሱ ተሸንፎ ሳቀ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ታለቅሳለች ብዬ ነጠላዋን ብገልጥባት፣ እሷ ለካ ከሁሉም ብሳ ትስቃለች።

ሁለተኛ ሲመጡ ምንም አልነበረንም። ሦስቱም ጭቃ መደቡ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፣ እናቴ ባላት አንድ ጣሳ ውኃ ሰጠቻቸው፣ እሷን እየተቀባበሉ ጠጡ፣ አባቴም ዛፉ እንዴት እንደለቀቀው ከመጀመሪያው ጀምሮ አወራላቸው። በዚያ ቀን የአባቴ ስም ተጻፈ። እናቴ የማዳበሪያ ጆንያውን ዘቅዝቃ ቀሚሶቼን በመደቡ ላይ አራገፈችልኝ። እኔ ደስታዬን የማደርግበት አጥቼ ሰፈሩን ሁሉ ዞሬ ሮጥኩ።

ከጥር ጀምሮ አባቴ በአቅመ ደካማ ተመድቦ ከሥራው ነፃ ሆነ፣ እናቴ ግን ለስንዴው ስትል ከነእቴ ዘሀራ ጋር እርከን ሥራ እየወጣች፣ ማታ አቧራ ለብሰው እየተሳሳቁ ይመለሱ ነበር። ስንዴው በመጣ ቀን ቤታችን ሁሉ ቆሎ ቆሎ ይሸት ነበር። በየካቲት መጨረሻ አያ ይመር ከአጥሩ ማዶ «ትርንጎ! ነይ፣ ጊደርሽ ወልዳለች!» ብለው ተጣሩ፣ እስከሞቱም ድረስ ስሟ ወለላ እንደሆነ ነው የሚያውቁት። አባቴ በበልጉ በምርኩዝ፣ በክረምቱ ያለ ምርኩዝ ሄደ፣ ያቺን ጥግም ራሱ አረሳት። የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ሲደርስ እናቴ ጋሽ ደምሴን ቤታቸው ድረስ ሄዳ «የኛን ቦታ ለሌላ ስጡት፤ እኛ ቆመናል» አለቻቸው። ስትመለስ ደግሞ ጋሽ ደምሴ አንድ አዲስ ፔርሙዝ አስይዘዋት ነበር።

እነሆ ዛሬ ማንም ሳይሰደኝ፣ በራሴ እግር ወልድያ ገብቼ እኖራለሁ። ባለፈው ሰሞን ከከተማው ጽሕፈት ቤት አንዲት ወጣት ታብሌቷን ይዛ ነዋሪ ልትመዘግብ መጣች። ሶፋውንም፣ ፍሪጁንም፣ ምንጣፉንም ጠየቀችኝ፤ ሁሉም የራሴ ነው፣ አንድም የተዋስኩት የለኝም፣ ስናገርም እንደዚያ ቀን ደረቴን ነፋሁ። መጨረሻ ላይ «እዚህ እንደሚኖሩ የሚያውቅ የሁለት ጎረቤት ስም ይንገሩኝ» አለችኝ።

የአንዱን ነገርኳት። ሁለተኛውን አጣሁት። በግድግዳው ማዶ የሚኖሩትን ሰዎች ሳላቸውን አውቃለሁ፣ በሬዲዮ የሚሰሙትን አውቃለሁ፣ ልጃቸው ስታለቅስ አውቃለሁ፣ አራት ዓመት ሙሉ ግን አንድ ጭልፋ እንኳ ተዋውሰን አናውቅም። አፈርኩ። ልጅቷን «አንዴ ጠብቂኝ» ብዬ ወጥቼ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ፣ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ከፈተችልኝ፣ እኔም ከሰላምታዬ በፊት ስሟን ጠየቅኳት።