ቀይ ቴፕ የተለጠፈባቸው የአጋዘን መጋቢዎች

አሜሪካ ውስጥ አጋዘን እንኳ የሚበላው በሰዓት ነው። በሦስት እግር የቆመ በርሜል ጫካ ውስጥ ይተከልለታል፣ በርሜሉ በቆሎ ይሞላል፣ ከሥሩ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሞተርና ሰዓት ይገጠማል። ሰዓቱ ሲደርስ ሞተሩ ሳህን ያሽከረክራል፣ ሳህኑ በቆሎውን ይበትናል። ባለቤቱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ በመነጽር ያያል። ፊደር ይሉታል። ይህን በርሜል ገዝቶ፣ ማሠራት አቅቶት፣ "ተበላሽቷል" ብሎ የሚመልስ ሰው ባይኖር ግን እኔ ያኔ ምን በልቼ እንደማድር አላውቅም።

ሃይስኩል ጨርሼ፣ "ኮሌጅ ግቢ" የሚለኝን ዘመድ ሁሉ ሸሽቼ የገባሁት ኢገን የሚባል ከተማ ያለ መጋዘን ነው። የተመለሱ ፊደሮችን ፈትተን፣ ችግሩን ፈልገን፣ ጠግነን መልሰን እናሽጋለን። ችግሩን ፈልገን ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንዱ የባትሪውን ጫፍ የሸፈነውን ፕላስቲክ ሳያነሳ ገጥሞታል። አንዱ ፕላሱን ከማይነሱ አገናኝቶ ፊውዙን አቃጥሏል። አንዱ ባትሪውን በረዶ ውስጥ ከርሞ አረንጓዴ እስኪያወጣ ትቶት፣ "ጥራት የሌለው ዕቃ" ብሎ ጽፎ ልኮልናል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ባትሪውን የሚሞላውን የፀሐይ ሰሌዳ ዝናብ እንዳይነካው ብሎ ከበርሜሉ ሥር የሰቀለው ሰው ነው። ይኼ ሰው መንጃ ፈቃድ አለው። ጠመንጃም ሳይኖረው አይቀርም።

የሚያሠራን አለቃ፣ ሊድ የሚሉት፣ የአገራችን ሰው ነበር፤ አርባ ያለፈው፣ ወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ የሚያንጠለጥል። መጀመሪያ ቀን "ጋሼ" ብለው ፊቱ ጠቆረ።

"አንተ በይኝ፣ እዚህ አሜሪካ ነው። ጋሼ ምናምን ቤትሽ።"

እሺ፣ አንተ። አንተ ከመጣህ አስር ዓመት አልፎሃል፣ የምታውቀው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ "ባትሪ ነው።" ሞተሩ ቢነክስ ባትሪ ነው። አይጥ ሽቦውን ብትበላው ባትሪ ነው። ማኔጀሩ ሲመጣ ያንኑ በእንግሊዝኛ ይለዋል፣ ማኔጀሩም ራሱን ይነቀንቃል።

እማማ የምላቸው ጎረቤቴ ከአገር ቤት መጥተው እኛው መጋዘን የተቀጠሩት በዚያ ዓመት ነው። ፊሊፕስ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከእኔ ቤት ሁለት ሕንፃ አልፎ፣ ልጃቸው ቤት፣ ሳሎን ሶፋ ላይ ይተኛሉ። ኢገን ያለ መኪና አይኬድምና እኔ ነበርኩ ድራይቭ የማደርጋቸው። መንገድ ላይ ወሬያቸው አንድ ነው።

"ልጆቹ ቲቪ ሊያዩ ሲፈልጉ እኔ እነሳለሁ። እኔ ልተኛ ስል እነሱ ያያሉ። ግራንማ ሙቭ ይሉኛል። እኔ ዕቃ ነኝ ሙቭ የምባል?"

"ይቆጧቸዋ!"

"በምን ቋንቋ?"

ለሽማግሌዎች የሚከራይ ሕንፃ ላይ አንዲት ክፍል አግኝተው ነበር። ቁልፍ ያላት፣ የራሳቸው። አከራዩ ግን ቋሚ ሠራተኛ መሆናቸውን መሥሪያ ቤቱ ያረጋግጥልኝ አለ። ቋሚ የሚኮነው ፕሮቤሽን የሚሉት የሙከራ ጊዜ ሲያልፍ ነው፤ የሳቸው ደግሞ በዚያ ሳምንት አርብ ያልቅ ነበር።

ሥራችን እንዲህ ነው። ባትሪ የተቀየረለት ፊደር ሰዓቱ ይጠፋል፤ ስለዚህ ያለንበትን ሰዓት እንሞላለታለን። በቆሎ የሚበትንበት ሰዓት ከፋብሪካው በፈረንጅ ጠዋት ሰባት ላይ ተደርጎ የሚመጣ ስለሆነ አንነካውም። ማታ ባዶውን መደርደሪያ ላይ ሰቅለነው እንሄዳለን። ጠዋት ሊዱ ቀድሞን ገብቶ፣ ቡናውን ይዞ ፊታቸው ይቆማል። ሰባት ሲሆን ሳህኑ የዞረ አለፈ፤ ያልዞረ ቀይ ቴፕ ይለጠፍበታል።

እኔ የሞላኋቸው ይዞራሉ። እማማ የሞሏቸው አንዳቸውም አይንቀሳቀሱም።

"ባትሪ ነው" አለ ሊዱ። ባትሪ ቀየረ። ሰዓቱ ጠፋ፣ እማማ መልሰው ሞሉት፣ በማግስቱም ቀጥ። "ባትሪ ነው።" ደግሞ ቀየረ። ያወጣቸውን ባትሪዎች በሣጥን ሞልቶ "የሞቱ" ብሎ ጻፈባቸው። ለካኋቸው፤ ሙሉ ናቸው።

"እነዚህ ደህና ናቸው" አልኩት።

"መለኪያው ተበላሽቶ ነው።"

"የእኔን ፊደር ባትሪ ሲለካ ደህና፣ የሳቸው ላይ ሲደርስ ተበላሸ?"

"አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ በሰዓትሽ ግቢ። ሁልጊዜ አርፍደሽ መጥተሽ አታስተምሪኝ።"

ይሄ እውነት ነው፣ አረፍድ ነበር። እማማ በራቸው ላይ ቦርሳቸውን አቅፈው ቆመው ነው የማገኛቸው።

ማኔጀሩ የባትሪው ወጪ ምን ሆነ ብሎ ሲጠይቀው፣ ሊዱ ሌላ ምክንያት ፈለገ። "እሷ ናት። አዝራሩን ስትጫን ውስጡን ትሰብራለች" አለው። እናቱ የሚሆኑትን ሴት እሷ ያላቸው በእንግሊዝኛ ለማኔጀሩ ብቻ አልነበረም፤ ለእኛም በአማርኛ ደግሞ ነገረን። እማማ ሰምተው ቀጣዩን ፊደር ሳቡ። ወደ ቤት ስንሄድ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን እያዩ ነበር።

ሐሙስ ምሳ ሰዓት፣ ሌላው ሁሉ ወደሚበላበት ብሬክ ሩም አልገባሁም። እዚያ ከገባሁ ሴቶቹ ባል ይፈልጉልኛል፤ አንዱ ሮቢንስዴል ሆስፒታል የሚሠራ፣ አንዱ ቤት የገዛ፣ ሁሉም ራሰ በራ። ባዶ ካርቶን ላይ ተቀምጬ ዳቦዬን እበላለሁ። ድንገት ከኋላዬ ዝዝዝ አለ። ዞር ስል ቀይ ቴፕ የተለጠፈባቸው ሁሉ፣ ሞቱ የተባሉት፣ ተከታትለው ሳህናቸውን ያሽከረክራሉ። ዳቦዬን ካርቶኑ ላይ ጥዬ ተነሳሁ።

የግድግዳውን ሰዓት አየሁ፤ ከቀኑ አንድ። የአንዱን ፊደር አዝራር ተጫንኩት። ሰዓቱ የሚታየው ሲጫኑት ብቻ ነው፣ እሳቸው ከሞሉት በኋላ ደግሞ እስከዚያ ቀን የተጫነው ሰው የለም፤ ሊዱ የሚከፍተው የባትሪውን ክዳን ነዋ። ሰባት ይላል።

ሰባት ሰዓት! የአገር ቤት የምሳ ሰዓት! እማማ ሰዓቱን የሚሞሉት ከእጃቸው ሰዓት ላይ እያዩ ነው፤ የእጃቸው ሰዓት ደግሞ በእዚህ ፀሐይ ቢስተካከልም የሚቆጥረው እንደ አገር ቤት ነው። አጋዘኖቹን ምሳ ሊያበሏቸው ነበር።

እየሮጥኩ ሄጄ ብሬክ ሩም በር ላይ ለሊዱ ነገርኩት። ገና ሳልጨርስ ገባው። ፊቱ ላይ ሲገባው አየሁት።

"ለማንም እንዳትናገሪ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ለምን?"

"ለፈረንጁ ምን ልበለው? እኛ አገር ሰዓት ሌላ ነው ልበለው? ሊስቅብን ነው። ሰዓት እንኳ የማያውቁ ሊለን ነው።"

"እማማስ? ፕሮቤሽናቸው የሚያልቀው ነገ እኮ ነው።"

"ሥራ ሞልቷል። ሌላ ቦታ ትሄዳለች።"

የሞተ ባትሪ እንዲህ ያለው ነው። ትቼው ማኔጀሩ ቢሮ ገባሁ። ጫማውን አውልቆ ሳንድዊች ይበላል። በሃይስኩል እንግሊዝኛዬ ነገርኩት፤ እኛ ጋ ቀን የሚቆጠረው ፀሐይ ከወጣችበት ነው፣ የናንተ ሰባት የእኛ አንድ ነው፣ ሴትዮዋ የሰበሩት ነገር የለም አልኩት። ሊዱ ተከትሎኝ በሩ ላይ ደርሷል።

"ሰዓት ማንበብ አትችልም ማለት ነው" አለ በእንግሊዝኛ፣ ቀደም ብሎ። ይስቅብናል ብሎ የፈራው እሱ ራሱ አስቀድሞ በሳቸው ሊያስቅ!

"ሰዓት የማያውቁ ከሆነ እንዴት አንድ ቀን አላረፈዱም?" አልኩ። "የማረፍደው እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ሰዓት አውቃለሁ።"

ማኔጀሩ አልሳቀም። ማኘኩን አቆመና ጠየቀ፤ የጠየቀው ግን ስለ እማማ እንዳይመስላችሁ።

"ታዲያ ባትሪዎቹ ደህና ናቸው?"

"ሙሉ ናቸው።"

"ሣጥኑ ሙሉ?"

"ሣጥኑ ሙሉ።"

ደስ አለው። ስድስት ሺህ ዓመት የቆጠርነው ፀሐይና ጨረቃ ምኑም አይደለም፤ ባትሪዎቹ ደህና ናቸው። ሴትየዋ ከግድግዳው ሰዓት ላይ እያየች ትሙላ አለና ወደ ሳንድዊቹ ተመለሰ። ሊዱ፣ "እኔም ዛሬ ልነግርህ ነበር" አለው። ይህን ሲል ቁልፎቹን ያቅጨለጭላል።

በማግስቱ ጠዋት ፊደሮቹ ሁሉ ዞሩ። እማማ ቋሚ ሆኑ። ደስ ይላቸዋል ብዬ መኪናውን አሞቄ ጠበቅኳቸው። መጥተው የኋላውን በር ከፈቱና ከኋላ ተቀመጡ።

"ምነው እማማ?"

"ለፈረንጅ ሰዓት አታውቅም ብለሽ ነገርሽ።"

"አላልኩም! እሱ ነው ያለው። እኔማ..."

"ገብተሽ የለም? አንቺ ባትገቢ እሱ የት ያወራ ነበር? ለእኔ ቀስ ብለሽ በጆሮዬ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? አስተካክዬው ማንም ሳያውቅ ይቀር ነበር።"

እውነቱን ለመናገር ለሳቸው መንገር ፈጽሞ አልታሰበኝም ነበር። ንዴቴን ይዤ ነው የሮጥኩት።

ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ እንደ ታክሲ ሾፌር ከኋላ አስቀምጬ አመላለስኳቸው፤ አንድ ቃል ሳይናገሩኝ። አከራዩ የክፍሏን ቁልፍ የሰጣቸው ቀን ግን ልጃቸው ሥራ ላይ ስለነበረች መኪና ያለው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ፍራሹን ጀርባዬ ላይ ተሸክሜ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። በሩን ራሳቸው ከፈቱ፣ ቁልፉን ሁለቴ አዙረው፣ ሳይቸኩሉ። እኔ በሩ ላይ እያለከለክሁ ቆሜያለሁ።

"ቀስ በይ" አሉኝ። "ግድግዳዬን እንዳትፍቂው።"