ወለሉ ላይ ያረፈው መዶሻ

የባለቤቴ የሲሳይ አርባ በወጣ ማግስት ጎረቤቴ ቤቱን ልትጠርግልኝ መጣች። አቧራው እንዳይነሳ ብላ፣ እንደ አፈር ወለል ውሃ ልታርከፈክፍ ጣሳ ስታነሳ «ተይ!» ብዬ ጮህኩባት። በድምፄ እኔው ደነገጥኩ። «በተጨመቀ ጨርቅ ነው የሚወለወለው» አልኳት፣ ቀስ ብዬ። እንዲህ የሚለው ሲሳይ ነበር።

የተጋባን ሰሞን ነው። ሲሳይ አዲስ አበባ ወለል ሲያነጥፍ ኖሮ ወደ ሰቆጣ ሲመለስ ላሚኔት የሚባለውን የወለል ጣውላ ቁራጮች በቦርሳው ይዞልኝ መጣ። «ምረጪ» አለኝ። በምስማር ጫርኳቸው፤ ጠላ አንጠባጥቤባቸው አሳደርኩ። የአገራችን አቧራ የማይታይበትን፣ ማር የሚመስለውን መረጥኩ። ክረምቱ ሲወጣ ጣውላው በጭነት መኪና፣ በእህል ጆንያ ላይ ተጭኖ፣ ያንን ጠመዝማዛ የፒስታ መንገድ አልፎ ደረሰ። ሲሳይ ወዲያው አላነጠፈውም። «አየሩን ይልመድ» ብሎ ቤት ውስጥ አጋድሞት ሰነበተ። ከዚያ ስሚንቶውን አስተካክሎ፣ ስፖንጅ ዘርግቶ፣ በመዶሻ ቀስ እያለ አንዱን ካንዱ አጋጠመው። ከግድግዳው ጥግ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተወ። «ክረምት ሲመጣ ያብጣል፣ መላወሻ ይፈልጋል» ይለኛል።

ለቤት ምርቃቱ ታላቅ ወንድሙ አያ አዱኛ ከገጠር ሙክት እየጎተተ መጣ። በእነሱ ቤተሰብ ታላቅ ደም ሳያፈስበት አዲስ ቤት አይገባም። እኛ ደጅ ያርዳል ብለን ነበር። እሱ ግን ሙክቱን ደፉን አሻግሮ አስገባው። ሰኮናው ወለሉ ላይ ይንሸራተታል።

«አያ፣ እደጅ ይሁን!» አለ ሲሳይ።

«አባታችን የት ነበር ያረደው? ውስጥ አይደለም?»

«ያ አፈር ነው፣ ደሙን ይጠጣል። ይኼ ያብጣል።»

«ወንድም የሚጠየፍ ወለል አነጠፍክ በለኛ! ና እግሬን እጠበኝና ልግባ!»

ለምርቃቱ የተጠራው እንግዳ ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ቢላው የሙክቱ አንገት ላይ ነበር። እንስሳው ሲንፈራገጥ ደሙ ግድግዳውን ረጨው፤ በየመጋጠሚያው እየሰረገ ገባ። ሲሳይ ዘሎ የወንድሙን ጉሮሮ ያዘ። ደሙ ውስጥ ተያይዘው ወደቁ። ቢላው የሲሳይን መዳፍ ሰነጠቀው። አያ አዱኛ በቴስታ አፍንጫውን አለው። ሊገላግሉ የገቡት ወንዶች በዚያ ልሙጥ ወለል እያንሸራተታቸው አንዱ ባንዱ ላይ ተከመሩ። ቀና ስል ሲሳይ ከላይ ነው። ጉልበቱ ወንድሙ ደረት ላይ፣ በእጁ ከጥግ ያነሳው የወለሉ መዶሻ። ክንዱ ላይ ተንጠለጠልኩ፤ አሽቀንጥሮ ጣለኝ። መዶሻው ሲወርድ ዓይኔን ጨፈንኩ።

የተሰማኝ የጣውላ ስብራት ነበር። ከአያ አዱኛ ጆሮ አጠገብ፣ ጠጉሩን ታክኮ።

አያ አዱኛ ጆሮውን ዳበሰ። «ወለልህን ሰበርክ» አለ። ከዚያ ሁለቱም እዚያው እንደተቀመጡ ማልቀስ ጀመሩ። የሙክቱን ሥጋ የቀመሰ የለም።

ሲሳይ ደሙ ገብቶባቸው ያበጡትን ጣውላዎች ነቅሎ ለወጠ። የተሰበረውን ግን ተወው። «አልጋ ስር ትርፍ አለ እኮ» ስለው «ይቆይ» ይለኛል። ሲወለውል እዚያች ጋ ሲደርስ ጨርቁን ትቶ በጣቱ ያጸዳት ነበር።

ለአርባው አያ አዱኛ መጣ፤ ሸምግሏል። ማንም ሳይነግረው ጫማውን በር ላይ አወለቀ። «ወንበር አለ እኮ፣ አያ» ስለው እምቢ ብሎ ከስብራቱ አጠገብ ቁጭ አለ።

«አልለወጠውም?»

«አልለወጠውም።»

መዳፉን አኖረበትና ሰው እስኪበተን አላነሳውም።

ጎረቤቴ ጨርቁን ጨምቃ ከጓዳው ጀምራ እየወለወለች መጣች። እዚያች ጋ ስትደርስ «እሱን ለኔ ተይው» አልኳት።